ፓይቦልድ ንጉሣዊ ዘንዶ

ፓይቦልድ ንጉሣዊ ዘንዶ፣ በአርቢዎች አጠራር «ፓይድ»፣ ከሴኔጋል እስከ ምዕራብ ኡጋንዳ ባለው የአፍሪካ ክፍል የሚኖረው የንጉሣዊ ዘንዶ (ፓይተን ሬጊየስ) የቀለም ሞርፍ (በዘር የሚተላለፍ የቀለም ዓይነት) ነው። ሰውነቱ ጥለት የሌለው ንጹሕ ነጭና ቡናማ ከጥቁር የተቀላቀለበት ሆኖ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ጭንቅላቱ ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። መርዝ የለውም። በአብዛኛው ከ90 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ ይጠቀለላል፤ «ቦል ፓይተን» የሚባለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ሌላ ዝርያ ነው።

አመጣጥና ውርስ

ነጭ የተቀላቀለባቸው እባቦች ከምዕራብ አፍሪካ ከሚላኩት መካከል አልፎ አልፎ ይገኙ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ እባብ ነጭ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ቀለሙ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አያሳይም። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ትውልድ መጠበቅ ያስፈልጋል፦ ፓይድ ከተራ እባብ ጋር ሲዳቀል የሚፈለፈሉት ሁሉ ተራ ይመስላሉ፤ እነዚህ እርስ በርስ ወይም ከፓይድ ወላጃቸው ጋር ሲዳቀሉ ነጩ እንደገና ብቅ ካለ ጉዳዩ ይለይለታል። ሞርፉን በዚህ መንገድ በ1997 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያራባው አሜሪካዊው አርቢ ፒተር ካል እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በዚያን ጊዜ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ የነበረው ፓይድ ዛሬ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ስለዚህ «ብርቅ» የሚለው ቅጽል ለዱሩ እንጂ ለገበያው አይሠራም።

ባሕርዩ የሚገለጠው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ ነው። ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ፣ ተራ የሚመስሉ ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ እያንዳንዱ ዕንቁላል ፓይድ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከስድስት ዕንቁላል አንድም ፓይድ ላይወጣ የሚችልበት ዕድል 18 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ዙር ባዶ ቢወጣ ወላጆቹ ተሸካሚ አይደሉም ብሎ መደምደም አይቻልም። ከእንዲህ ዓይነት ዙር የሚወጡት ተራ መሳዮች «66 በመቶ ሄት» (ሄት ማለት ተሸካሚ ነው) ተብለው ይሸጣሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው ተብሎ ይገመታልና።

ተሸካሚውን በዓይን መለየት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። አንዳንድ አርቢዎች በሆዱ መጨረሻ፣ ጅራቱ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ትንሽ ነጭ ቀለበት ወይም ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ምልክቱን «ሪንገር» ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ያው ምልክት ዘረመሉን በማይሸከሙ እባቦችም ላይ እንደሚታይ ይጠቅሳሉ። ምልክቱ ጥርጣሬን ያጠናክር ይሆናል እንጂ ዋጋ ለመጨመር የሚበቃ ማስረጃ አይመስልም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፓይድነትን ቲኤፍኢሲ በሚባል ዘረመል ላይ ከደረሰ ለውጥ ጋር አያይዞታል። የነጩ ስፋት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከአንድ ዙር ዕንቁላል ጥቂት ነጭ ብቻ ያለውና ጭንቅላቱ ብቻ ቀለም የቀረለት ወንድማማች ሊፈለፈሉ ይችላሉ።

ሁሉም ሞርፍ ጤናው አንድ ዓይነት አይደለም። «ስፓይደር» የተባለው ሞርፍ ጭንቅላቱን ያንቀጠቅጣል፣ ይገለበጣልም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ከውስጠኛው ጆሮ የቅርጽ ጉድለት ጋር አያይዞታል። በፓይድ ላይ እንዲህ ያለ ችግር አይታወቅም፤ አዲስ አርቢ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ቢያስብ ይህ ልዩነት ከቀለሙ ሊቀድም ይገባል።

አያያዝ

የፓይድ አያያዝ ከተራው ንጉሣዊ ዘንዶ አይለይም። ማቆያ ሣጥኑ በአንድ በኩል ሞቃት፣ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሌላው በኩል ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት፤ እባቡ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ከአንዱ ወደ ሌላው በመሄድ ነውና። በሁለቱም በኩል ጠበብ ያለ መደበቂያ ያስፈልጋል። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። የሙቀት ምንጣፍ ያለ ቴርሞስታት ሆድን ያቃጥላል። የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ ለእባቦች መርዛማ ነው።

እርጥበቱ 60 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ከፍ ማለት አለበት። በዚህ ጊዜ ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ ሰማያዊ ይመስላል፣ ቆይቶ ይጠራል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም አሮጌው ቆዳ ከአፍንጫው ጀምሮ ተገልብጦ ይወጣል። የተጣለውን ቆዳ ዘርግቶ ሁለቱ የዓይን ሽፋኖች አብረው መውጣታቸውን ማየት ይገባል። አንዱ ቀርቶ ከሆነ በጥፍር መንጭቆ ማውጣት ዓይኑን ይጎዳል፤ እርጥበት መጨመር፣ ካልሆነም የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይሻላል።

አመጋገብ

ባለቤቶችን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀው መብል መተው ነው። ጤነኛ ጎልማሳ፣ በተለይ በእርባታ ወቅት ወንዱ፣ ወራት ሊጾም ይችላል። ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ስለዚህ በየጊዜው መዝኖ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሚሰጠው አይጥ ውፍረቱ ከእባቡ ሰውነት ሰፊ ቦታ ባይበልጥ ይመረጣል። በረዶ ሆኖ የቆየ አይጥ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ በሙቅ ውሃ መሞቅ አለበት፦ እባቡ በላይኛው ከንፈሩ ላይ በተደረደሩ ጉድጓዶች ሙቀትን ስለሚለይ፣ ቀዝቃዛ አይጥ ፊቱ ቢቀመጥም ላይነካው ይችላል። ሕያው አይጥ ግን ያልራበውን እባብ ነክሶ ሊያቆስል ይችላል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል እጅ ባይነካው ይሻላል።

ጤና

አፉን ከፍቶ መተንፈስ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅና በአፍ የሚታይ ንፍጥ የመተንፈሻ ሕመም ምልክቶች ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተለየው የዘንዶዎች ኒዶቫይረስ አንዱ መንስኤ ነው። አዲስ የመጣ እባብ ከሌሎቹ ተለይቶ ለሦስት ወር ያህል እንዲቆይ ይመከራል።

ዕድሜ

በሰው እጅ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረች አንዲት ንጉሣዊ ዘንዶ በ2020 እ.ኤ.አ. ሰባት ዕንቁላል ጥላለች፤ ዕድሜዋ ከ62 እንደሚበልጥ ተገምቷል።

ሕግ

ንጉሣዊ ዘንዶ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። ኖርዌይ እሱን ማሳደግ በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች፤ ሐዋይ ማንኛውንም እባብ ማሳደግ ትከለክላለች።