ራምቦ ቤት

ራምቦ ቤት በሐረር ጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው ጥንታዊቷ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ታሪካዊ የእንጨት ፎቅ ቤት ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በህንድ ነጋዴዎች የአሠራር ስልት የታነጸ ሲሆን፣ ዛሬ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም በሙዚየምነትና በባህል ማዕከልነት ያገለግላል። ጎብኚውን ወደ ግቢው የሚስበው ብዙውን ጊዜ የባለቅኔው ዝና ነው። የቤቱ ዋና ታሪካዊ ዋጋ ግን ሐረር ከውጭው ዓለም ጋር በንግድ የተሳሰረችበትን ዘመን በእንጨት ሥራው ላይ ጠብቆ ማቆየቱ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ሐረር ከደጋው አገር ወደ ዘይላ ወደብ በሚወስደው የቅፍለት መንገድ ላይ የነበረች የንግድ ከተማ ናት። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ቆይታ፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ መኰንን ከተማዋን ሲያስተዳድሩ የህንድ ነጋዴዎች መጥተው ሰፈሩ። ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ፣ ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጣ ሸቀጥ ወደ ውስጥ ይመላለስ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ነጋዴዎቹ ከገበያ ዕቃው ጋር የአገራቸውን የቤት አሠራርም ይዘው መጡ።

ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው። ኤደን ውስጥ ይሠራ በነበረ የፈረንሳይ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ሠራ፤ በኋላም በራሱ ስም ነገደ፤ የከተማዋን ፎቶግራፎችም አነሳ። እግሩ ክፉኛ ታሞ በ1883 ዓ.ም. በቃሬዛ ላይ ሆኖ ከሐረር ወጣ፤ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ውስጥ አረፈ። ቤቱ የተሠራው ከእርሱ ሞት በኋላ በመሆኑ በዚህ ጣሪያ ሥር አልኖረም። ስሙ ለቤቱ የተሰጠው ለመታሰቢያነት ነው።

ሥነ ሕንጻ

የቤቱን ልዩነት ለመረዳት «ጌ ጋር» ከሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ጌ ጋር በድንጋይና በጭቃ የሚገነባ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ከመንገድ በኩል ያለው ግድግዳው ድፍን ነው። ውበቱ በሙሉ ከውስጥ ነው፦ ነደባ የሚባሉት ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉ መደቦች፣ ቀይ ወለል፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩ ስፌቶችና ሳህኖች። የህንድ ቤት የሚባለው ዓይነት በአንጻሩ አራት ማዕዘን ያለውና ባለ ፎቅ ሆኖ፣ በረንዳው መንገዱን ወይም ግቢውን ይመለከታል።

ራምቦ ቤት የዚህ ሁለተኛው ዓይነት እጅግ ያጌጠ ምሳሌ ነው። ፊቱ በተፈለፈለና በተቀረጸ እንጨት ተሸፍኗል። በእንጨት ደረጃ ወደ ፎቁ ሲወጣ በቀለም የተሳለ ኮርኒስ ያለው ሰፊ ክፍል ይገኛል፤ ባለቀለም የመስኮት መስታወቶቹን አልፎ የሚገባው ብርሃን የክፍሉን እንጨት ያቀልመዋል። ከላይ ሆኖ የጁገልን ጣሪያዎች ማየት ይቻላል። የድንጋይ ቤቶቹ ዓይንን ወደ ውስጥ ሲሰበስቡ፣ ይህ ቤት ከተማዋን ከከፍታ ለማየት ተሠርቷል።

ተመሳሳይ ቤት

የዚሁ ዘመን ሌላው ታዋቂ ሕንጻ ራስ ተፈሪ ቤት ነው። በተቀረጸው በሩ ላይ የሂንዱ አምላክ የጋኔሽ ምስል ይታያል፤ የጥንታዊ መስጊዶች ከተማ በሆነችው ሐረር ውስጥ የህንዳውያኑን አሻራ በግልጽ ያሳያል። ዛሬ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና ሌሎች ቅርሶች የሚታዩበት ሙዚየም ነው።

የቅርስነት ዋጋ

ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የከተማዋን ቤቶች በሦስት ከፍሎ ገልጿል፦ ጌ ጋር፣ የህንድ ቤትና ሁለቱ ተዋህደው የወለዱት ድብልቅ ዓይነት። ሦስተኛው ዓይነት መኖሩ ትልቅ ማስረጃ ነው። የመጣው አሠራር ነባሩን ገፍቶ አላጠፋውም፤ የሐረር ሰዎች የወደዱትን መርጠው ከራሳቸው ጋር አዋሃዱት። ራምቦ ቤትም የዚህ ውህደት አንደኛው ምንጭ ሳይደባለቅ የሚታይበት በመሆኑ ለጥናት አስፈላጊ ነው።

ጥበቃ

ቤቱ በሙዚየምነት መያዙ ከመፍረስ አድኖታል፤ በውስጡም የጥንቷን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ለእይታ ቀርበዋል። እንጨት ግን እንደ ድንጋይ ለብቻው ተትቶ አይቆይም። ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፤ እሳት ደግሞ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። የተጎዳ ቅርጽ በሌላ ሲተካ የአናጺው እጅ ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ፣ እያንዳንዱን ክፍል መመዝገብና የእንጨት ቀረጻ ሙያን ለወጣቶች ማስተማር የጥበቃው አካል መሆን ይገባዋል። ለጎብኚ በሚሰጠው ገለጻም ከባለቅኔው ጎን ቤቱን ያሠሩት ነጋዴዎችና እንጨቱን የቀረጹት አናጺዎች ቦታ ሊያገኙ ይገባል።