ሕፃናትን ፊደል ያስቈጠራቸው ማን እንደ ኾነ

ሰው የተማረበትን ቤት ባሰበ ጊዜ የመምህሩን ስም ያነሣል እንጂ፥ መምህሩን ማን እንዳበላው፥ ገበታውንም ማን እንደ ጻፈው አይጠይቅም። ነገር ግን የፊደል ቤት ታሪክ በመልካም ቢመረመር፥ ሕፃን ማንበብን የሚያውቀው በአንድ መምህር ድካም ብቻ እንዳይደለ ይገለጣል።

በቀድሞው ሥርዓት ሕፃኑ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው ወደ የኔታ ይሄዳል። በደብሩ ዐጸድ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፥ በስንጥር እየጠቈመ ሀ ግእዝ፥ ሁ ካዕብ እያለ እስከ ሳብዕ ይቈጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳን ይይዛል፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት መዠመሪያ ፊደል በፊደል ይቈጥራል፥ ኋላም በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ያነባል፤ የዚህ ትምህርት ፍጻሜም ዳዊት ነው። ቀድሞ ያወቀው ልጅ ኋላ የመጣውን ስለሚያስቈጥር፥ አንድ መምህር ብዙ ሕፃናትን ለማስተማር ይችል ነበር። ሴቶች ልጆች ግን ከዚህ ጉባኤ ብዙ ጊዜ ቀርተው ነበር፤ ይህም ጉድለት ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ይህ ኹሉ የቆመው በሦስት ወገን ረድኤት ነው።

ፊተኛው ደብሩ ነው። ለአገልጋዮች ከተሰጠው መሬት በሚገኘው እህል መምህሩ ይኖር ነበር፤ ሕፃናቱም የሚቀመጡበትን ስፍራ ከደብሩ አገኙ።

ኹለተኛው ወላጅና ጎረቤት ነው። ለየኔታ እህል ይሰፍራል፥ በበዓል ቀን ከማዕዱ ያካፍላል፤ ልጁም ዳዊት በደገመ ጊዜ ድግስ ደግሶ መምህሩን ያከብራል። ንባብን ጨርሶ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት በሩቅ አገር የሄደው ተማሪ፥ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በደጅ ሲቆም ቍራሽ ያልነፈገው ይኸው ሕዝብ ነው።

ሦስተኛው ባለ እጁና ነጋዴው ነው። ገበታ በእጅ ብቻ ሲጻፍ ለኹሉ ሕፃን አይዳረስም ነበር። ከቡልጋ የመጡት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ግን ፊደልን አስቀድመው በእጃቸው እየጻፉ በአዲስ አበባ ሸጡ፤ ኋላም ማተሚያ ቤት አቁመው፥ ዘብሔረ ቡልጋ የሚለውን ስም የያዘውን ገበታ በብዙ አተሙ። ይህ ሥራ ንግድ ነበረ፤ ማተሚያ ያለ ትርፍ አይቆምምና። ዳሩ ግን አታሚው የኔታ ተማሪ ባያበዛለት ገዢ አያገኝም፤ የኔታም አታሚው ገበታ ባያበዛለት አንዱን ወረቀት ለብዙ ሕፃናት ሊያካፍል ነው። ስለዚህ ውል ሳይጻፍ ንግድና ትምህርት ተረዳዱ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይኹን የሚል ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፥ አድባራት ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት አጡ። ከሦስቱ ምሰሶ አንዱ ስለ ወደቀ፥ የመምህሩ ኑሮ በምእመናን መባና በወላጆች ስጦታ ላይ ወደቀ። በአንድ ምሰሶ ብቻ ታምኖ የነበረ ቤት ቢኖር በዚያን ጊዜ ይዘጋ ነበር፤ ኹለቱ ወገን የቀረለት ግን ቢያንገዳግደውም ቆመ።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት አጠባበቅና ትምህርት በአንድነት ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ሳይገቡ የሚሰናዱበት ዜሮ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። በዚያ ማዕቀፍ ወላጅ፥ የአካባቢ ሕዝብና የግል ድርጅት የሥራው ተካፋይ እንዲኾኑ ተነግሯል። ስሙ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን የፊደል ቤት አባቶች ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

እንግዲህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የታነጸውን ሕንፃና ያለፈውን ዓመት ይቈጥራል፤ በዐጸዱ ፊደል የሚቈጥሩትን ሕፃናት ደግሞ ይቍጠር። የመምህሩ ቀለብ በወር በወሩ ቢቈረጥለት፥ በአጥቢያው የሚነግደው ምእመን ገበታውንና መቀመጫውን ቢችል፥ ወላጅም ልጁን በሰዓቱ ቢልክ፥ ሴት ልጁንም ከወንድሟ ባያስቀር፥ ሸክሙ ለማንም አይከብድም። ለአንድ ሰው ብቻ የተተወ እንደ ኾነ ግን ያ ሰው ባረፈ ቀን ጉባኤው ይበተናል፤ ሕፃኑም በጀመረው ፊደል ላይ ይቀራል።