እቁብ፣ ዋስና ሕግ

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347 በሸፈናቸው ጉዳዮች ረገድ የነበሩትን ልማዳዊ ደንቦች ሽሯል። እቁብ ግን አልተሻረም። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው የያዘው የሌሎችን ገንዘብ ነው፤ በደረቅ የኢኮኖሚ ስሌት ቢታይ ቀሪውን መዋጮ መካድ ያዋጣዋል። የሚያግደው ይሉኝታና ዋሱ ነው፤ ጎረቤቱን የካደ ሰው በዕድርም በገበያም ፊት ያጣል። ይሁን እንጂ ልማዱን ብቻ ማወደስ የዋህነት ይመስለናል። አባላት በዝተው መተዋወቅ ሲቀር ይሉኝታ ይሳሳል። ያን ጊዜ ሕጉ ይፈለጋል፤ ሕጉ ደግሞ በቁጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ የቃል ዋስ በሰፈር ዋስ ነው፤ በፍርድ ቤት አይደለም። የትልልቅ እቁብ ጸሐፊ ዋሶችን ማስፈረሙ ያለ ምክንያት አይደለም።