ጊሌውን ወደን፣ ቀጥቃጩን ጠልተን

ከናዝሬት (አዳማ ማለቴ ነው፤ የለመደ አፍ ቶሎ አይታረምም) ተነስቶ መቶ ኪ.ሜ. ያህል ተጉዞ መተሐራ የደረሰ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አይመለስም። አንደኛው መንገዱ ዳር የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ፈንድቶ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ረግቶ የቀረው። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ጊሌ የታጠቀ ከረዩ ወይም አፋር ነው።

ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር መተሐራ ስወርድ ዓይኔ የቀረው ጊሌው ላይ ነበር። ጎበጥ ያለ፣ ሁለት በኩል ስለት ያለው፣ ሰገባው በቆዳና በነሐስ ያጌጠ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ወገቡን አያለሁ።

«ማን ነው የሠራው?» ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት።

«ቀጥቃጭ ነዋ!» አለኝ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ስድብ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ይሄው ነው። ቢላዋውን አይተን የምንደመም፣ ጎራዴ ይዘን የምንፎክር ሕዝቦች፣ ሠሪውን ሲሆን አፋችንን የምናጣምመው ለምንድን ነው? ለመመለስ ትንሽ ራቅ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። ትንሽ ስል ሁለት መቶ ሺህ ምናምን ዓመት ማለቴ ነው፤ አትደንግጡ።

በሌላው ዓለም ጌጠኛ ቢላዋ ሲባል ድንጋዩ ያለው እጀታው ላይ ነው። የሕንድ ሙጋል ነገሥታት የጩቤያቸውን እጀታ ከጄድ ድንጋይ አስቀርጸው በሩቢ ያስጌጡት ነበር። ኢስታንቡል ቶፕካፒ ሙዚየም ውስጥ ያለው ዝነኛ ጩቤ እጀታው ላይ ሦስት ትልልቅ ኤመራልዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የቱርኩ ሱልጣን ቀዳማዊ ማሕሙድ ለፋርሱ ንጉሥ ለናዲር ሻህ ስጦታ ብሎ አሠራው፤ ናዲር ሻህ ግን ስጦታው ሳይደርሰው በ1747 ተገደለና ጩቤው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገዳዮቹ የተጠቀሙበት ቢላዋ ጌጥ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል!

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ድንጋዩ የቢላዋ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ራሱ ቢላዋው ነበር።

ድንጋዩ ባልጩት ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር መስታወት። በትክክል ሲመታ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወጣል፤ ጠርዙ ከብረት ስለት ሊቀጥን ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የሙሴን ሚስት ያስታውሳል፤ ልጇን የገረዘችው በባልጩት ነው።

ከዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ በስተምዕራብ ጋዴሞታ የሚባል ቦታ አለ። በ1960ዎቹ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቆፍረው ብዙ የባልጩት መሣሪያ አወጡ። በኋላ የተደረገው የዕድሜ ልኬት ጫፋቸው የሾለው ጥንታዊዎቹ መሣሪያዎች ከ279,000 ዓመት በላይ እንደሆናቸው አሳየ። በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዘንግ ላይ ታስረው የሚወረወሩ የጦር ጫፎች ነበሩ ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች «ስብራቱ ሲሠራ የመጣ ነው እንጂ ሲወረወር አይደለም» ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ የነሱ ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን እዚያው እኛ ዓሣ ለመብላት የምንወርድበት ሐይቅ ዳር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለት ያወጣ እንደነበር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ጠጋ ካልን፣ አዋሽ ወንዝ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ። እዚያ ባልጩት መጥረብ የተጀመረው ከአንድ ሚሊዮን ከግማሽ ዓመት በላይ በፊት ነው። ድንጋዩ የሚመጣበት አጎራባች ቦታ ስሙ ራሱ «ባልጪት» ነው። ሁለቱም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። እልል አልን። ቴሌቪዥንም አሳየን።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ።

አንድ ጊሌ ወይም ሌላ ባህላዊ ቢላዋ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብረቱን የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነው፤ በዘመናችን ጥሬ ዕቃው ብዙ ጊዜ የመኪና ባሌስትራ ነው። ረዳቱ ወናፉን ይነፋል፣ ከሰሉ ይግላል፣ ብረቱ ቀልቶ በጉጠት ይወጣና መዶሻ ያርፍበታል። እጀታው እንጨት ወይም ቀንድ ይሆናል። ሰገባውን የሚሠራው ደግሞ የቆዳ ሠራተኛው ነው፤ በኛ አፍ «ፋቂ»።

ታዲያ ታሪኩ እዚህ ላይ ይጣፍጣል። በ1960ዎቹ ጥናት ያደረጉ ሰዎች በጉራጌ፣ በአርሲና በሲዳማ ቆዳ ፋቂዎች ባልጩት ጠርበው፣ እንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው ቆዳ ሲፍቁ አግኝተዋቸዋል። በጋሞና በኮንሶም እንዲሁ የድንጋይ መፋቂያ ያላቸው ባለሙያዎች ተጠንተዋል፤ በኮንሶ ሥራው የሴቶች ነው። የድንጋይ ዘመን አለቀ የሚባለው እንግዲህ ለትምህርት ቤት ፈተና ያህል ነው! የብረቱ ቢላዋ የለበሰው ቆዳ በድንጋይ ቢላዋ የተፋቀ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ባልጩቱ አልሞተም፤ ለብረቱ ልብስ ሲያዘጋጅ ነበር።

ሰገባው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚነበብ ነገር ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር እ.ኤ.አ. በ1933 እና 34 አዋሽን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ሲወርድ፣ የአፋር ሰዎች ጊሌ ላይ የሚንጠለጠሉት በነሐስ የተጠመጠሙ የቆዳ ጠፍሮች የገዳይነት ምልክት መሆናቸውን ጽፏል። ይህን አንብቦ «አይ እነሱ!» የሚል ካለ ትንሽ ይታገስ። ደጋውም ቢሆን ገዳይን ሲሸልም፣ ሲያስፎክር የኖረ አገር ነው። ልዩነቱ እነሱ ሰገባቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ እኛ ፉከራችን ውስጥ ጨመርነው።

የመኳንንቱም ጎራዴ የራሱ ታሪክ አለው። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙው ስለት ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ፣ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾበት ይመጣ ጀመር። አውራሪሱ ከአገራችን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም፤ የየመን ሰዎችም ለጃምቢያ እጀታ ቀንዱን ሲሸምቱ ኖረው መንግሥታቸው ማስገባቱን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

ልብ በሉ። ቀንዱ የአገር፣ ቆዳው የአገር፣ ስለቱ ግን የዞሊንገን። የጀርመን ቀጥቃጭ ሲሠራው «ፋብሪካ» ነው፤ የኛ ሰው ሲሠራው «ቡዳ»።

ቡዳ! ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ማታ ጅብ ይሆናል እያልን ነው ያደግነው። አማርኛው «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ» ይለዋል፣ ኦሮምኛው «ቱምቱ»፤ በብዙ ቦታ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ በብዙ ቦታ የራሱ መሬት አልነበረውም። ማረሻችንን ይሠራል፤ የሚታረስ ግን የለውም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ አሳፋሪ መሆኑን ያየ መሪ አልጠፋም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሰደበ እሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አጎቴ ግን መተሐራ ላይ ያንን ቃል ሲናገር አዋጁን የሰማ አይመስልም ነበር። አያቴም አልሰማችም። እዚያው አዳማ ሠፈራችን ጫፍ ላይ የነበረው የቀጥቃጭ ቤት በር ላይ ቆሜ እሳቱን ሳይ አግኝታኝ ጆሮዬን ይዛ ወደ ቤት የመለሰችኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። «ደግመህ እዚያ ብትቆም!» አለችኝ። የዚያን ቀን ማታ ሽንኩርት የከተፈችው በማን ቢላዋ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ካደግሁ በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው አርጅተዋል። ባሌስትራ እየቀጠቀጡ ነበር። አያቴ ስላደረገችው ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ አፌ ተሳሰረ፤ ቢላዋ አዘዝኩ። ልጃቸው ሥራውን ተምሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው ባጃጅ እንደሚነዳ ነገሩኝ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «እሱስ ሰላምታ ያገኛል» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ?

እንደሚመስለኝ ሙያው እየሞተ ያለው የቻይና ቢላዋ ስለረከሰ ብቻ አይደለም። ልጁ አባቱ ሲናቅ እያየ ስላደገ ነው። ርካሽ ዕቃን በጥራት መወዳደር ይቻላል፤ ንቀትን ግን በምን ጥራት ትወዳደረዋለህ?

በ2000 ዓ.ም. ወሎ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ሲገኝ የዓለም ጌጣጌጥ ነጋዴ ሁሉ አወቀን። ከዚያ ወዲህ «ድንጋዩን እዚሁ አስውበን እንሽጥ» የሚል ንግግር ብዙ ሰምተናል። ጥሩ ነው። አንድ ቀን የመተሐራ ቢላዋ እጀታው ላይ የወሎ ኦፓል ቢገባበት፣ ሰገባው በአገር ቆዳ ቢጌጥ ደስታዬ ነው። ግን ድንጋይ የሚያስውበው እጅ ነው። ያንን እጅ «ቡዳ» እያልን ሥራውን በዶላር ልንሸጥ አንችልም።

መልካ ቁንጡሬ ሲመዘገብ እልል ያልነው ከሚሊዮን ዓመት በፊት ስለት ላወጣ፣ ስሙን ለማናውቀው ሰው ነው። ጎረቤታችን ያለውን ግን ስሙን እናውቀዋለን። ቢያንስ ስናልፍ «እንደምን ዋሉ?» እንበል። ያዘዝኩት ቢላዋ እናቴ ወጥ ቤት ነው ያለው። አሁንም ይቆርጣል።

ቸር ያሰንብተን!