ጣቱን የደበቀው ልጅ

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቡሬ አካባቢ ገጠር ነው። በ1970ዎቹ አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን ልተወው። ማታ ከብቶቹ ወደ በረት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አይቆጥርም። «ዳልቻ የለም» ይላል፤ ወርዶ ከወንዝ ያመጣዋል። እያንዳንዱን ከብት በመልኩ ነበር የሚያውቀው። ጧት ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግን ሰባትና ስምንት ሲደመር ስንት እንደሆነ ይጠፋው ነበር። ጣቶቹን ከኋላው ደብቆ ሲቆጥር መምህሩ በማስመሪያ ይመቱታል። እኛ እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀረ።

ለመሆኑ ጎጃም ውስጥ ስሌት የተጀመረው በሰሌዳ ነው እንዴ? ባሕረ ሐሳብን ያየ ያውቀዋል። ወንበሩን በ11 ሲያባዙት አበቅቴ፣ በ19 ሲያባዙት መጥቅዕ ይወጣል፤ ከ30 የበለጠው እየተገደፈ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። ይህን የሚማር ሰው በዕድሜው አይመደብም። አንዱን ሳያውቅ ወደሌላው አያልፍም፤ የበረታው የደከመውን ያስጠናዋል። መቼም ገነት ነበር አልልም። አለንጋው ነበር፣ ሳይሆንለት ቀርቶ ወደ አገሩ የተመለሰም ነበር፣ ሴት ልጅም ከዚያ ደጅ እምብዛም አትደርስም ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ክፍል፣ ደወልና ፈተናም እየተስፋፉ መጡ። ለብዙዎቻችን በር ሆኑልን። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ደወል እንዲሮጥ ሲደረግ፣ ቁጥር የሚያስቸግረው ልጅ «ደደብ» ተባለ።

ስሎቫካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላዲስላቭ ኮሽች በአውሮፓውያን 1974 ይህ ችግር ከስንፍና የተለየ መሆኑን በጥናት አሳየ። ዲስካልኩሊያ ይሉታል። ተመራማሪዎች ከመቶ ልጆች ከ3 እስከ 7 የሚሆኑት አለባቸው ብለው ይገምታሉ። በአገራችንም የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልዩ ፍላጎትን አንሥቷል፤ በ1998 ደግሞ ራሱን የቻለ ስትራቴጂ ወጥቶለታል። ይሁንና ዓይነ ስውሩን ልጅ መምህሩ ያየዋል፤ ይኼኛውን ግን ማን ያየዋል?

መድኃኒቱ እኮ ውድ አይደለም። መጀመሪያ ጠጠርና ባቄላ፣ ቀጥሎ ሥዕል፣ ቁጥሩ በመጨረሻ። የጊዜ ጥድፊያውን መቀነስ። ጣትን መፍቀድ። ገበጣ የሚጫወት እረኛ መማሪያው በእጁ ነው። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ከዚያ የሚወጣ መምህር ይህን ይዞ ቢወጣ ምን ነበረበት?

ዛሬ ነገሩ ብሷል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆቹ ሲመለሱ ሁሉም ወደኋላ የቀሩ ይሆናሉ። ዓመታት ያመለጡት ልጅ ሲያስተምሩት ይደርሳል፤ ቁጥር የሚያስቸግረው ግን በመሐላቸው ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ያን ጓደኛዬን ከዓመታት በኋላ ቡሬ ገበያ በርበሬ ሲሸጥ አገኘሁት። በሰፈረው ቁና ልክ አንዳንድ ጠጠር ወደ ጣሳ ይጥላል። አልተሳሳተም። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ደወለልኝ።

«የመጨረሻዋ ልጄ እንደኔ ናት» አለኝ። «አንተ መምህር ነበርክ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጣቷን እንዳይመቷት ንገርልኝ።»

ይኸው ነገርኩለት።