ኮርሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን

ኮርሴት ከደረት እስከ ዳሌ ገላን አጥብቆ የሚይዝ፣ በውስጡ ዘንጎች የተሰፉበትና በክር የሚታሰር የሴቶች የውስጥ ልብስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከእመቤት እስከ ገረድ ብዙዋ ሴት ትለብሰው ነበር። ስሙ የሚነሳው ወገብ በማቅጠን ቢሆንም ሥራው በዚያ አያበቃም። ጡት መያዣ ባልነበረበት ዘመን ጡትን ይደግፋል፤ ጀርባን ያቀናል፤ ወገብ ላይ የሚታሰሩት ድርብርብ ጉርዶች ገላን እንዳይቆርጡም ክብደታቸውን ይሸከማል። ከሥሩ ስስ ሸሚዝ ይለበስ ነበር። ኮርሴት እንደ ልብ ስለማይታጠብ ላቡን የሚጠጣው ያ ሸሚዝ ነው።

ክፍለ ዘመኑ ሲጀምር ኮርሴት ላልቶ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የመጣው ፋሽን የቀሚሱን ወገብ ወደ ጡት ሥር ስላወጣው፣ ወገብን ማጥበቅ ለታይታ አልጠቀመም። በ1820ዎቹ የቀሚሱ ወገብ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ኮርሴትም ጠበቀ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የክር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ በብረት ቀለበት መጠናከር ጀመሩ። በእጅ የተሰፋ ቀዳዳ ክሩ በኃይል ሲሳብ ይቀደድ ስለነበር፣ ያለ ሥጋት ማጥበቅ የተቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1829 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ለሁለት የሚከፈል የፊት መቆለፊያ ፓተንት ተሰጠው። ከአጋማሹ በኋላ በሰፊው ሲለመድ፣ ሴቲቱ የኋላውን ክር አላልታ ከፊት ለፊት እየቆለፈች ያለ ረዳት መልበስ ቻለች።

የብዙ አንባቢ ትዝታ ግን ሌላ ነው። የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በነቢይ መኮንን ትርጉም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ያነበበ፣ ባለታሪኳ ስካርሌት የአልጋዋን ምሰሶ ጨብጣ ሞግዚቷ ኮርሴቷን ስታጠብቅባት ያስታውሳል። የስካርሌት ወገብ 17 ኢንች ነው፤ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1936 ስለሆነ ደራሲዋ ይህን የጻፈችው የኮርሴቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ሌስተርሸር ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘው የሲሚንግተን ኩባንያ የኮርሴት ስብስብ ሲለካ፣ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 26 ኢንች ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ጫፍና ጫፋቸው ሲገጥም ነው፤ በሚለበሱበት ጊዜ ከኋላ ክፍተት ይተው ስለነበር የለባሿ ወገብ ከዚህም ይሰፋል። በ1860ዎቹ መጨረሻ አንድ የለንደን የሴቶች መጽሔት ከዚህ እጅግ ያነሰ ወገብ እንዳላቸው የሚፎክሩ ደብዳቤዎችን በተከታታይ አትሟል። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህን ደብዳቤዎች ከኑሮ ይልቅ ከምኞት የተጻፉ አድርገው ይወስዷቸዋል፤ አባባላቸውም ትክክል ይመስላል።

ወገብ ቀጥኖ የሚታየው በመጥበቁ ብቻ አልነበረም። በ1830ዎቹና በ1890ዎቹ ትከሻ ላይ እንደ ፊኛ የተነፋው እጅጌ፣ በሁለቱ መካከል ባሉት ዓመታት ደግሞ ክሪኖሊን፣ ከላይና ከታች እየሰፉ መካከሉን አሳነሱት። ክሪኖሊን በ1856 ፓተንት የተሰጠው፣ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ የጉርድ መወጠሪያ ነው። ከከባድ ድርብርብ ጉርዶች ስለገላገለ ሴቶች ወደዱት፤ አደጋው ግን እሳት ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1863 በቺሌ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ከ2,000 በላይ ሰዎች ያለቁ ሲሆን፣ የሴቶቹ የተወጠረ ቀሚስ እሳቱን ከማቀጣጠሉም በላይ መውጫውን አጣቦታል። በ1870ዎቹ ጉርዱ ከፊት ከስቶ ወደ ኋላ ሲከመር፣ ኮርሴቱ ዳሌን እስኪይዝ ረዘመ፤ በስታርች ነክረው በእንፋሎት በጋለ የብረት ቅርጽ ላይም ያደርቁት ጀመር።

ከልብሱ ጀርባ ትልቅ ኢንዱስትሪ ነበር። ምርጥ የሚባለው ዘንግ የሚሠራው ዓሣ ነባሪ ምግቡን ከባሕር ውሃ ከሚያጠልበት፣ ከላይኛው መንጋጋው ከሚንጠለጠለው ዝርግ ነው። ይህ ነገር ተጣጣፊ ነው፤ በሙቀት ሲለሰልስ የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። ነዳጅ ዘይት የዓሣ ነባሪን ዘይት ከመብራት ገበያ ካስወጣው በኋላ እንኳ የአርክቲክን አደን ያቆየው የዚህ ዝርግ ዋጋ ነበር። ዋጋው ሲንር ምትክ ተፈለገ። ብረት ይዝጋል። የአሜሪካውያኑ የዋርነር ወንድማማቾች ኩባንያ ከሜክሲኮ ተክል ጭረት ዘንግ ሠራ፤ በሚሺጋን የኤድዋርድ ዋረን ፋብሪካ ደግሞ ከ1883 ጀምሮ ከተርኪ ላባ አገዳ። ዋርነሮቹ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ ገበያ የገቡትም ኮርሴት ሴቶችን ይጎዳል ብለው «ለጤና የሚስማማ» ኮርሴት ይዘው ነው። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ ከተማ የመርከበኞች ሚስቶችና ሴት ልጆች በኮርሴት ስፌት ይተዳደሩ ነበር። ሲሚንግተን በበኩሉ ለቤት ሠራተኞች ብሎ ርካሽና ጠንካራ ሞዴል አውጥቷል። ጎንበስ ቀና ስትል የምትውል ሴት እስትንፋሷን የሚያቋርጥ ልብስ አትገዛም፤ ስለዚህ በአብዛኞቹ ዘንድ ኮርሴት ጠበቅ እንጂ ጭንቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። አጥብቀው ሲታሰሩ የታችኛው የጎድን አጥንት ይጨመቃል፤ ትንፋሽ ወደ ላይኛው ደረት ይገፋል፤ ከልጅነት የለመደ የጀርባ ጡንቻም ይደክማል። በረጅም ዘመን የተጣመሙ የጎድን አጥንቶች በአጽሞች ላይ ታይተዋል። ሐኪሞች ግን ከዚህ አልፈው የሳንባ ነቀርሳንና ካንሰርን ጭምር በኮርሴት አሳበቡ። የጎድን አጥንት በቀዶ ጥገና ያስወጡ ነበር የሚለው ወሬ ደግሞ ምንም ማስረጃ የለውም፤ ሆድና ደረት መክፈት ለሞት በሚዳርግበት ዘመን ለወገብ ብሎ ቢላ ሥር መተኛት የሚታሰብ አይደለም።

ኮርሴት አጥብቆ በማሰር ስማቸው ከገነነው መካከል የኦስትሪያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ አንዷ ናቸው። መስከረም 10 ቀን 1898 በጄኔቫ አንድ አናርኪስት በሾለ ሞረድ ደረታቸውን ሲወጋቸው፣ የተመቱ ብቻ መስሏቸው ተነሥተው እስከ መርከቡ በእግራቸው ሄዱ። ቁስሉ የተገኘው መርከቡ ላይ ወድቀው ልብሳቸው ሲፈታ ነው። ደሙን ለጊዜው ያዘገየው የኮርሴቱ ጥብቀት እንደሆነ ይነገራል።

ተቃውሞው ቀስ እያለ ነው የበረታው። በ1881 በለንደን የተቋቋመው የአስተዋይ አለባበስ ማኅበር የውስጥ ልብስ ክብደት በጠቅላላ ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ከሚል፣ እንዳይበልጥ ጠየቀ። በ1890ዎቹ ብስክሌት ከማናቸውም ስብከት በላይ ኮርሴትን አሳጠረው። ከ1906 ወዲህ የፓሪሱ ፖል ፑዋሬ ከትከሻ የሚወርድ ልቅ ቀሚስ አመጣ። በ1914 የኒው ዮርኳ ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ በመጀመሪያ ከሁለት መሐረብና ከጥብጣብ ለሠራችው ጡት መያዣ ፓተንት አገኘች፤ ኋላም ፓተንቱን በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ገዢው የዋርነር ወንድማማቾች ኮርሴት ኩባንያ ነበር።