የአባት ስምን የተካ ፈረስ

ወደ መቀሌ የሚበር አውሮፕላን አሉላ አባ ነጋ ላይ ያርፋል። ወደ ጅማ የሚበረው ደግሞ አባ ጅፋር ላይ። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ የወሰደው ክለብም ጅማ አባ ጅፋር ይባላል። ስሞቹን በቦርዲንግ ፓስ ላይ፣ በስፖርት ዜና ላይ፣ በታክሲ ወሬ ውስጥ ሁሌ እንሰማቸዋለን። ግን ነጋም ጅፋርም ሰዎች አይደሉም። ፈረሶች ናቸው።

ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ በፈረስ ስም የሚጠራ አገር ብዙ ያለ አይመስለኝም። የሚገርመው ደግሞ ፈረሶቹን መርሳታችን ነው። «አባ ነጋ» ሲባል ቅጽል ስም ይመስለናል፤ «አባ መላ» ሲባል መላ አዋቂ ማለት ብቻ ይመስለናል። ከሁሉም ጀርባ ግን ኮርቻና ልጓም ያለው፣ ገብስ የሚበላ እንስሳ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን አንድ የጦር ሰው ለፈረሱ ስም ያወጣል። ከዚያ ሰውየው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ «አባ» እየተባለ። ይህ «አባ» የመነኩሴው አባ አይደለም። በአማርኛም በኦሮምኛም አባትነትን የሚይዝ ቃል ነው፤ በኦሮምኛ በተለይ ባለቤት ማለትም ይሆናል። ስለዚህ አባ ታጠቅ ማለት የታጠቅ አባት፣ የታጠቅ ባለቤት፣ ታጠቅ የተባለውን ፈረስ የሚጋልበው ሰው ማለት ነው። ልማዱ የአንድ ሕዝብ ብቻ አልነበረም። ከትግራይ እስከ ሸዋ፣ ከወሎ እስከ ጊቤ ወንዝ ማዶ የኦሮሞ መንግሥታት ድረስ ይሠራበት ነበር። እንዲያውም በጊቤ አገሮች ነገሥታቱ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት ከሁሉ በፊት በዚህ ዓይነት ስም ነው፤ የሊሙው አባ ባጊቦ፣ የጅማዎቹ አባ ጅፋሮች።

ይህ ነገር ምን ያህል ለየት ያለ እንደሆነ የሚገባው ሌላ ቦታ ሰዎች ለፈረስ ስም እንዴት እንደሚያወጡ ሲታይ ነው። እንግዲህ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ።

እዚያ ንጹሕ ዘር ያለው የእሽቅድምድም ፈረስ ስም የሚያጸድቅለት አካል አለ፤ ጆኪ ክለብ ይባላል፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ባለቤቱ ደስ ያለውን ስም ሰጥቶ መሄድ አይችልም፤ አመልክቶ ማስጸደቅ አለበት። ስሙ ከነክፍት ቦታው ከ18 ፊደል መብለጥ የለበትም። በሕይወት ባለ ሰው ስም ለመሰየም የሰውየው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የንግድ ማስታወቂያ የሚመስል ስም አያልፍም፤ ጸያፍም አያልፍም። የታላላቆቹ አሸናፊዎች ስም ደግሞ ለሌላ ፈረስ አይሰጥም። በዚህ ሁሉ አጥር ውስጥ ባለቤቶቹ በብዛት የሚያደርጉት ነገር የአባቱንና የእናቱን ስም ማጋጨት ነው፤ ከሁለቱ ጥቂት ጥቂት ወስዶ አዲስ ቃል መፍጠር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቀይ ውርንጭላ ተወለደ። አባቱ ቦልድ ሩለር፣ «ደፋሩ ገዢ»፤ እናቱ ሰምቲንግሮያል፣ «ንጉሣዊ ነገር» እንደማለት። መጀመሪያ የቀረቡት ስሞች ከዚሁ ከወላጆቹ የተቀዱ ነበሩ፤ በትር መንግሥት፣ የንጉሥ ዘር፣ የተለየ ነገር ዓይነት። ሁሉም ውድቅ ሆኑ። በሁለተኛው ዙር የእርሻው ጸሐፊ ኤልሳቤጥ ሃም ሌሎች ስሞች አቀረበች። ከእነዚህ አንዱ ከቀድሞ ሥራዋ የመጣ ነበር፤ ጄኔቫ ውስጥ ከመንግሥታቱ ማኅበር ጋር የተያያዘ ሥራ ላይ ነበረችና ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስም ወሰደች። «ሴክሬታሪያት»። ይህ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሴክሬታሪያት ሦስቱንም የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች አሸነፈ፤ የመጨረሻውን በ31 የፈረስ ርዝመት ርቀት።

ይህን ሳነብ ሳቅም ትካዜም መጣብኝ። ያንን ጽሕፈት ቤት እኛም እናውቀዋለና፤ በሌላ ምክንያት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ቆመው ለዚያው ማኅበር ስለ ወረራው አቤት ብለዋል፤ ማኅበሩ ግን አልደረሰልንም። መድረኩ ላይ የቆሙት ሰው ደግሞ በአገራቸው በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ጠቅል። እዚያ ፈረሱ የቢሮ ስም ወሰደ፤ እዚህ ንጉሡ የፈረስ ስም።

ልዩነቱ ግን ማን ከማን ስም ወሰደ የሚለው ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ፈረስ ስም በአብዛኛው የሚናገረው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ዘሩ በመዝገብ ላይ ነው፣ ዋጋውም ዘሩ ነው፣ ስሙም ዘሩን ይጠቅሳል። የኛ የፈረስ ስም የሠራው ሥራ ተቃራኒውን ይመስለኛል። ሰውን ከ«የማን ልጅ ነህ?» ጥያቄ ያወጣው ነበር።

እስቲ አስቡት። በኛ አጠራር የቤተሰብ ስም የለም። ስምህ ስምህ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አባትህ ነው። ራስ አሉላ፣ አሉላ እንግዳ ናቸው። አባታቸው የተንቤን ገበሬ ነበሩ። በዘር ሐረግ በሚመካ የመኳንንት ጉባኤ ውስጥ «የእንግዳ ልጅ» ማለት ትልቅ በር የሚከፍት ስም አልነበረም። አሉላ አባ ነጋ ሲባሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከስማቸው ቀጥሎ ያለው ሰው የወለዳቸው አይደለም፤ እነርሱ «የወለዱት» ነው። የእንግዳ ልጅ የነበሩት የነጋ አባት ሆኑ። ሰውየው የስም ልጅ መሆኑ ቀርቶ የስም አባት ሆነ።

የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ ልጅ ነበሩ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚለውም ክርስትና ሲነሡ የተሰጣቸው ስም ነው። የተወለዱበት ስም ቀረ፣ የክርስትናውን ሌላ ሰው አወጣላቸው። «አባ መላ» ግን የሌላ ሰው ስጦታ አልነበረም። በዚያ ስም የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያ ስም ነው እስከ ዛሬ የምናነሣቸው። ደጃዝማች ባልቻም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ የተወሰዱ ናቸው። ባልቻ አባ ነፍሶ የሚለውን ስም የዓድዋ መድፍ ከሚለው ነገር ነጥሎ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳግማዊ ምኒልክ የንጉሥ ልጅ ሆነው አባ ዳኘው፣ አሉላ የገበሬ ልጅ ሆነው አባ ነጋ። በፈረስ ስም ላይ ልዑልና ምርኮኛ በአንድ ዓይነት ሰዋስው ይጠሩ ነበር።

ሌላም ተግባራዊ ጥቅም ነበረው። ጆኪ ክለብ ሁለት ፈረሶች በአንድ ስም እንዳይምታቱ ይጠነቀቃል። እኛ ጋ የሚምታቱት ሰዎቹ ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ሰው ካሣ ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብለው የነገሡትም ካሣ ነበሩ። ታዲያ ሕዝቡ በምን ለያቸው? በፈረስ። አንዱ አባ ታጠቅ ካሣ፣ አንዱ አባ በዝብዝ ካሣ።

ስሙ እንዴት ይመረጥ ነበር? ለዚህ ማስረጃው ስሞቹ ራሳቸው ናቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! አብዛኛው ትእዛዝ ነው። የፈረስ ቁመና ወይም መልክ አይገልጽም፤ ዳማ ነው፣ ቦራ ነው፣ አምባላይ ነው አይልም። ምን መደረግ እንዳለበት ነው የሚናገረው። ሁለቱ ደግሞ ይበልጥ ይማርኩኛል፤ ዳኘው እና ቃኘው። በአማርኛ «ዳኘው» ስትል ወይ «እሱን ዳኝ» እያልክ እያዘዝክ ነው፣ ወይ «እሱን ዳኝቶታል» ብለህ ያለቀ ነገር እያወራህ ነው። «ቃኘው»ም እንዲሁ። አንዱ ቃል ከውጊያው በፊት ትእዛዝ፣ ከውጊያው በኋላ ዜና ይሆናል። «ነጋ» ግን ምንም አያዝም። ነጋ፤ አለቀ። ጨለማው አለፈ ብሎ የሚናገር ፈረስ ላይ ተቀምጦ መምጣት ምን ዓይነት መተማመን እንደሆነ አስቡት።

መዝጋቢውስ ማን ነበር? ማመልከቻ የለም፣ ማኅተም የለም፣ 18 ፊደል የሚቆጥር ጸሐፊ የለም። መዝገቡ የሰው አፍ ነው። ወታደሩ ሲፎክር «የአባ እገሌ አሽከር!» እያለ ይዘላል። አዝማሪው ከተቀበለው ስሙ ይጸድቃል፤ ካልተቀበለው ያው ፈረስ ጋጣ ውስጥ ይቀራል። እናም ስሙ ዕዳ ነበረው። ፈረስህን ዳኘው ካልክ ሰው ፍርድ ይፈልግብሃል፤ መላ ካልክ መላ ይጠይቅሃል። የአሜሪካው ባለቤት ፈረሱ ቢሸነፍ ሌላ ፈረስ ይገዛል። የኛው ባለ ፈረስ ስሙን ራሱ ተሸክሞት ይዞራል።

እዚህ ጋ ግን ጀግንነቱን ብቻ አድንቀን ብናልፍ ልክ አይሆንም። በዝብዝ የሚለውን ስም ደግመን እንየው። ማንን ነው የሚበዘብዘው? ወታደር በወር ደሞዝ ሳይሆን ከገበሬ ጎተራ በሚኖርበት ዘመን መልሱ ሩቅ አይደለም። ጠቅል ሲባልም የሚጠቀለል አገር አለ፤ በዚያ አገር ደግሞ የሚኖር ሰው አለ። ያው የፈረስ ኮቴ ለአንዱ ድል፣ ለሌላው እህሉንና ልጁን ይዞ ጫካ የሚገባበት ምልክት ነበር። ተማርከው አባ መላ እና አባ ነፍሶ ለመባል የበቁት ሁለት ናቸው፤ ተማርከው ስማቸው ሳይታወቅ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ማሰብ አለብን። የፈረስ ስም ከአባት ስም ነጻ ያወጣ ነበር ስል፣ የነጻነቱ በር ጦርነት መሆኑንም እያልኩ ነው።

ታሪኩ ከዚያ ወዲህ አስቂኝ መታጠፊያ ይይዛል። የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ጦር ወደ ኮርያ ሲልኩ ቃኘው ብለው ሰየሙት። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ተባለ። የሐረሩ ገዢ ፈረስ በመርከብ ተሳፍሮ እስያ ደረሰ፣ አንቴና ሆኖ አስመራ ላይ ተተከለ። ግን ልብ በሉ፤ አሁን ስሙን ያወጣው ባለ ፈረሱ አይደለም፣ ልጁ ነው። ከአባት ስም ያመልጥ የነበረው ስም ራሱ የአባት መታሰቢያ ሆነ። በዚያን ጊዜ ጦሩ በመኪናና በአውሮፕላን ነው፤ ማዕረግ በትከሻ ላይ ነው፤ ስም በፋይል ነው። ለራሱ ፈረስ አዲስ ስም አውጥቶ በዚያ የሚጠራ መኰንን ዘመኑ እያለፈ ነበር።

ዛሬ ቅጽ ስንሞላ ሦስት ክፍት ቦታ ይጠብቀናል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስቱንም ያወጣልን ሌላ ሰው ነው። ራሳችን የመረጥነውን የምንጽፈው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ሲሰለቸን በሁለት ደቂቃ እንቀይረዋለን። በእርሱ ስም የሚፎክር አሽከር የለንም፣ ዕዳውን የሚጠይቀንም የለም። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ ጎተራው የሚራቆት ገበሬም የለምና።

ፈረሶቹ ግን ያሳዝኑኛል። ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሞት ኬንታኪ ውስጥ ሙሉ አካሉ ተቀበረ፤ ታላቅ ክብር ነው፣ እዚያ ለብዙዎቹ የእሽቅድምድም ፈረሶች የሚቀበረው ጭንቅላት፣ ልብና ኮቴ ብቻ ነው። ሐውልት አለው፣ የትውልድ ቀኑ ይታወቃል፣ ፀጉሩ ቀይ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ነጋ ዳማ ይሁን ግራጫ ከመካከላችን ስንቱ ጠይቆ ያውቃል? በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ፤ በዓሉ የዓድዋ ፈረሶችም መታሰቢያ ነው። ከሰው ተለይቶ ለእንስሶቹ የሚቆም በዓል ከዚህ ሌላ ብዙ የለንም። ወደ መቀሌ ወይም ወደ ጅማ ስትበሩ፣ አስተናጋጇ የምታርፉበትን ስም ስትጠራ፣ የማን ስም እንደሆነ ለአጠገባችሁ ተሳፋሪ ንገሩት።